ኮርትሊስነር፦ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ውሳኔ በነፃ የሚነበብበት

እኛ ዘንድ ሰው ታሰረ ከተባለ ወሬው ከመዝገቡ ይቀድማል። የእኔ ሙያ ኤሌክትሮኒክስ ነው። "ኢንጂነሩ በማሴር ወንጀል ተፈረደበት" ሲባል፣ ወንጀል የሆነው ዕውቀቱ ነው ወይስ ሐሳቡ የሚለውን ከራሱ ከውሳኔው ማንበብ እፈልጋለሁ። ለዚህ ኮርትሊስነር የተባለውን ድረ ገጽ የሚስተካከል አላገኘሁም።

የፌዴራል ፍርድ ቤቶቹ የራሳቸው አገልግሎት ፔሰር ይባላል። በገጽ 10 ሳንቲም ያስከፍላል። በሦስት ወር ውስጥ ሒሳባችሁ ከ30 ዶላር ካላለፈ ግን አትከፍሉም። ኮርትሊስነርን የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ ውሳኔ ለማንበብ መመዝገብ እንኳ አያስፈልግም።

እስቲ የቦስተኑን የጆንሰን መዝገብ ፈልጉ። ሰውየው አሜሪካዊ የኤሌክትሮኒክስ ኢንጂነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ተያዘ፣ በ1990 ተፈረደበት፤ 10 ዓመት። ጥፋቱ፣ አይአርኤ ለተባለው የአየርላንድ ታጣቂ ቡድን በሬዲዮ የሚፈነዳ ቦምብ መቆጣጠሪያና የእንግሊዝን ሄሊኮፕተር የሚመታ ሮኬት ለማዘጋጀት ከሌሎች ጋር ማሴር ነው። የይግባኙ ውሳኔ የ1991 ነው፤ ፍርዱን አጽንቶታል።

እኔን የያዘኝ የስልክ ጠለፋው ክፍል ነው። ንግግሩ የተቀዳው በመደበኛ የወንጀል ማዘዣ አይደለም፤ የውጭ ስለላን ለመከታተል በሚሰጥ ልዩ ማዘዣ ነው። ተከሳሾቹ "ይህ ሕግ ወንጀል ለመመርመሪያ አልወጣም" ብለው ተከራከሩ። ዳኞቹም የወንጀል ምርመራ የጠለፋው ዋና ዓላማ መሆን የለበትም ሲሉ ተስማሙ። ነገር ግን ዋናው ዓላማ እዚህ ላይ ያ አልነበረም፣ የተገኘውንም ማስረጃ ችሎት ላይ መጠቀም ይቻላል አሉ። ተለሳልሶ የቀረበ አይደለም፤ ክርክሩን ከነምክንያቱ ታዩታላችሁ። ይህን ያህል ነገር በዜና አታገኙም።

ጉድለትም አለው። የጆንሰን ችሎት በወረቀት ዘመን የተካሄደ ስለሆነ የምስክሮቹን ቃል እዚያ አታገኙም። የእጅ ስልክ ላይ ረጅም ውሳኔ ማንበብ ዓይን ያደክማል፤ የግርጌ ማስታወሻ ከፍቶ ወደነበሩበት መመለስም ያስቸግራል። የሕግ እንግሊዝኛው ለጀማሪ ከባድ ነው። መጀመሪያ የፍሬ ነገሩን ክፍል አንብባችሁ ከዚያ ወደ ክርክሩ እለፉ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። የዘመድ ወይም የወዳጅ ጉዳይ ፌዴራል ፍርድ ቤት ካለ ኮርትሊስነር ላይ አካውንት ክፈቱና የመዝገቡን ማሳወቂያ አብሩት። መዝገቡ እዚያ ካለ አዲስ ነገር ሲገባበት ኢሜይል ይደርሳችኋል።