ሁለተኛውን መሳቢያ ሳትስቡ እንዳትከፍሉ

ሰሞኑን የልብስ መሳቢያ ለማሠራት ያሰባችሁ ካላችሁ ይችን አንብቡልኝ። እኔ 38,000 ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ብትማሩት ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲክቶክ ላይ አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ አየሁ። ባለ አምስት መሳቢያ፣ «ሙሉ ዋንዛ፣ ያለ አንዲት ምስማር» ይላል። ልጁ የላይኛውን መሳቢያ ሳብ ያደርግና ማዕዘኑን ለካሜራ ያሳያል። ሁለቱ ጣውላዎች እንደ ተቆላለፉ ጣቶች ጥርስ በጥርስ ገብተዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን የገዛኝ ያ ማዕዘን ነው።

ወርክሾፑ ድረስ ሄድኩ። ናሙናውን ሳብኩ፣ ያው የላይኛውን። ጥርሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ወንድሜ፣ ይሄ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» አለኝ። እዚያው ቆሜ 25,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ላክሁለት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ መሰላችሁ።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ዕቃው መጣ። ቫርኒሹ ፊት ያሳያል። የላይኛውን ሳብኩ፣ ማዕዘኑን አየሁ፣ ቀሪውን ከፈልኩ። ሌሎቹን አራቱን ከፈት ዘጋ ከማድረግ በቀር ማን አውጥቶ ያያል?

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ አራተኛው መሳቢያ አልከፈት አለ። ብርድ ልብስና የልጆቹ ያለፈ ዓመት ደብተር የታጨቀበት ነው። ጠንከር አድርጌ ስስበው ፊቱ ከነእጀታው ተላቆ መጣ። የተቀረው መሳቢያ ከነደብተሩ እዚያው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ባለቤቴ ሳቀች። እኔን ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በአናጺነት ያሳለፉ አንድ አባት አሉ። ለመንኳቸውና መጡ። አምስቱንም መሳቢያ አውጥተው ወለሉ ላይ ደረደሩ። የላይኛው እንደተባለው ነው። ዋንዛ፣ አራቱም ማዕዘን በጥርስ የተያያዘ። የቀሩት አራቱ ግን ዋንዛነታቸው ፊታቸው ላይ ብቻ ነው። ጎናቸውና ጀርባቸው የእንጨት ቀለም ያለው ወረቀት የተለጠፈበት ቺፑድ ነው። ማዕዘናቸውም ዝም ብሎ ጫፍ ለጫፍ ተገጥሞ በኮላና በቀጫጭን ምስማር የተያዘ። አባባ ወረቀቱን በጥፍራቸው ላጥ አደረጉና «ልጄ፣ የገዛኸው አንድ መሳቢያ ነው። አራቱ ካርቶን ምርቃት ነው» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ጥርሱ ለውበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። መሳቢያ ከሌላው የቤት ዕቃ የሚለየው በየቀኑ መጎተቱ ነው። እጀታውን በሳባችሁ ቁጥር ፊቱን ከጎኖቹ ለመገንጠል ትታገላላችሁ ማለት ነው። ክብደቱ ሁሉ ፊትለፊት ባሉት ሁለት ማዕዘኖች ላይ ያርፋል። ጥርሶቹ ጫፋቸው ሰፍቶ ግርጌያቸው ከጠበበ፣ ማለትም ዶቭቴል የሚሉት ዓይነት ከሆነ፣ ወደፊት ስትስቡት ይበልጥ ይቆላለፋል እንጂ አይወጣም። ኮላው እንኳ ቢለቅ መሳቢያው መሳቢያ ሆኖ ይቆያል። ይሄ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በጥንታዊት ግብፅ መቃብሮች ውስጥ በተገኙ የእንጨት ዕቃዎች ላይ ሳይቀር አለ።

ጫፍ ለጫፍ የተገጠመውስ? እንጨትን እንደታሰረ ገለባ አስቡት። ጎኑ ላይ የተቀባ ኮላ ይይዛል። ጫፉ ላይ የተቀባው ግን በገለባው ቀዳዳ እየሰረገ ይገባና ላዩ ላይ የሚይዝ ነገር አይቀርም። ጥርስ ሲወጣለት ጎንና ጎን የሚነካካበት ቦታ ይበዛል፣ ኮላውም ሥራ ያገኛል። ቺፑድ ደግሞ ከናካቴው ገለባም የለውም። ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው። ጠርዙ ላይ የተመታ ምስማር ውሎ አድሮ ይላላል። እርጥበት ካገኘው ያብጣል፣ ካበጠ ወደ ቦታው አይመለስም።

ፊቱ ለምን ተጣበቀ ብላችሁ እንደሆነ፣ ዋንዛው በደንብ ሳይደርቅ ነው የተሠራው ብለውኛል አባባ። ደረቅም ቢሆን እንጨት በክረምት በወርዱ ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል። በቁመቱ ግን ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ደህና ሠሪ ይህን ያውቅና ከመሳቢያው ፊት በላይ ትንሽ ክፍተት ይተዋል። የኔው ሠሪ ቫርኒሹ ላይ ነው የተጠበበው።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን አንድ ነገር ልበል። ምስማር ኃጢአት አይደለም። ገንዘብ ያጠረው ሰው ቺፑድ ገዝቶ አምስት ዓመት ቢጠቀምበት ምንም ነውር የለውም፣ እኔም ቤት አለ። እኔን ያቃጠለኝ በቺፑድ ዋጋ ሳይሆን በዋንዛ ዋጋ መግዛቴ ነው። «ጥርስ ማውጣት ጊዜ ይፈጃል፣ ማሽን ይጠይቃል» የሚሏችሁም ካሉ ቀለል ያለ መንገድ አለ። ጎኑ ጣውላ ላይ ቦይ ይወጣል፣ ፊቱ ላይ ምላስ ይወጣል፣ ምላሱ ቦዩ ውስጥ ይገባል። አንድ የጠረጴዛ መጋዝ ላለው ሰው የሰዓታት ሥራ ነው። የዶቭቴልን ያህል ባይጠነክርም ለኮሞዲኖና ለልጆች መሳቢያ ከበቂ በላይ ነው።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ የላይኛውን ተዉት። ከታች ጀምሩ። መሳቢያውን ሙሉ ለሙሉ አውጡና ገልብጡት። የኋላ ማዕዘኑን እዩ፤ ሰው አያየውም ተብሎ የሚሰረቀው እሱ ነው። የታችኛው ሳንቃ አራቱም ጎን ላይ በወጣ ቦይ ውስጥ መግባት አለበት፣ ወይም ቢያንስ በሦስቱ። ከሥር በምስማር ብቻ ከተለጠፈ ደብተር ስትጭኑበት ይወርዳል። ከዚያ ሁለቱን ተቃራኒ ማዕዘኖች በመዳፋችሁ ይዛችሁ ግፉት። የሚንሻፈፍ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ። ጥርስ መሰል ነገር ካያችሁም ከፊትም ከጎንም እዩት። በእውነተኛው ላይ አንደኛው ጣውላ ሲያልቅ የሌላው ጫፍ በመሃል ብቅ ይላል። መስመር ብቻ ተጭሮበት ጥርስ የሚመስልም አለ፣ አባባ ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር።

የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ ቫርኒሽ ሳይቀባ ሄዳችሁ እዩ። ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ሁሉም ዋንዛ ነው። ቀብዱን አሳንሱ። ውሉ ላይ «አምስቱም መሳቢያ፣ አራቱም ማዕዘን፣ ጎኑም ጀርባውም ዋንዛ» ብላችሁ አስጽፉ። የኔ ወረቀት ላይ የተጻፈው «ባለ 5 መሳቢያ፣ 1» ብቻ ነው። ልጁም ስደውልለት ይህችኑ ነው የያዘው። «አምስት መሳቢያ አልሰጠሁህም?» አለኝ። ቀጥሎም «የላይኛው ተበላሽቷል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ይመለሳል?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። እኔ ይህን ያነበብኩት ዕቃው ከመጣ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አትሉም? ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ዕቃው በገባ በዚያው ሳምንት ሁሉንም መሳቢያ አውጥታችሁ ፎቶ አንሱ።

አሁን አባባ አራቱን አፍርሰው በምላስና በቦይ እየሠሩልኝ ነው። ፊቶቹ አይጣሉም፣ ደርቀው ተልገው ይገባሉ። የላይኛውን አልነኩትም፣ «ይህን የሠራው ልጅ እጅ አለው» አሉ እያዘኑ።

ትናንት ማታ ቪዲዮው እንደገና መጣብኝ። አዲስ ዕቃ፣ አዲስ ቫርኒሽ። አሁንም የሚስበው የላይኛውን ብቻ ነው።