ባንድካምፕ፦ ጥቂት ሰው ብቻ ለሚሰማን ፕሮዲውሰሮች

ሙዚቀኛ ሥራውን ለአድማጭ በቀጥታ በሚሸጥበት ድረ ገጽ፣ ባንድካምፕ ላይ፣ ሙዚቃዬን መሸጥ ከጀመርኩ አራት ዓመት አለፈኝ። የምሠራው ቴክኖና አምቢየንት የሚባል የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው። ግጥም የለው፣ ዘፋኝ የለው፣ አንዳንዱ ትራክ 9 ደቂቃ ይሄዳል። ሬዲዮ እንደማያጫውተው አውቄ ነው የገባሁበት፤ ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ሚሊዮን አድማጭ ላለው ሰው ብዙም አይጠቅምም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንጨርስ። ገጽ መክፈት በነፃ ነው። ከዲጂታል ሽያጭ 15 ከመቶ ይወስዳሉ፣ ሽያጫችሁ 5,000 ዶላር ሲሞላ ወደ 10 ይወርዳል። ከሸክላ፣ ከካሴትና ከቲሸርት 10 ከመቶ ነው። በ7 ዶላር የተሸጠ አልበም ላይ የእነሱ ድርሻ 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም መሆኑ ነው፤ ክፍያውን የሚያስተላልፈውም የራሱን ቆንጠር ያደርጋል። ቀሪው የኔ። ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያስደምጠው ስፖቲፋይ ላይ ከ2024 ወዲህ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ትራክ አይከፈልበትም፣ የኔ ትራኮች ደግሞ አብዛኞቹ እዚያ ቁጥር አጠገብ ደርሰው አያውቁም። እዚህ አንድ ሰው ከገዛ ገዛ ነው፣ አለቀ።

አንድ ሌሊት ከበሮው አልገጥም ብሎኝ፣ ተናድጄ ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ኢሜይል ገባ። የማላውቀው ሰው የ5 ዶላሯን ኢፒ፣ ማለትም ከአልበም አጠር ያለች ሥራዬን፣ 12 ዶላር ከፍሎ ገዝቷታል (ገዢ ከፈለገ ጨምሮ መክፈል ይችላል)። ከሥሩ "ሦስተኛው ትራክ ላይ ያለው ዝናብ የእውነት ነው?" ብሎ ጽፏል። አይደለም፣ የተበላሸ ኬብል ነው የሚንጫጫው! ይህንኑ መለስኩለት። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ያወጣሁትን በሙሉ ገዝቷል።

ፋይሉም ጥሩ ነው። ገዢው የድምፅ ጥራት በማይቀንሱት በዋቭም በፍላክም ፋይል ማውረድ ይችላል፣ ዲጄዎች ይሄን ይወዱታል።

ችግሩ፣ ባንድካምፕ ሰው አያመጣላችሁም። ገጽ ከፍታችሁ ብትቀመጡ እንደተቀመጣችሁ ትቀራላችሁ። የኔ ገዢዎች የመጡት ትራኬን ክለብ ውስጥ ካጫወቱ ዲጄዎችና ከትናንሽ ሌብሎች (ሙዚቃ አሳታሚዎች) ነው። ከ2020 ጀምሮ ድርጅቱ ድርሻውን የማይወስድባቸው አርቦች አሉ፤ ለኪስ ደስ ይላሉ፣ ግን የዚያን ቀን ዓለም ሁሉ አልበም ስለሚያወጣ የእናንተ መሐል ላይ ትጠፋለች። እኔ ሳምንት ቀደም ብዬ ነው የማወጣው።

ሌላው ደግሞ ባለቤቱ ይቀያየራል። በ2022 የቪዲዮ ጌም ኩባንያው ኤፒክ ጌምስ ገዛው፣ በ2023 ሶንግትራደር ለሚባል የሙዚቃ ፈቃድ ኩባንያ ተሸጠ፣ ያኔ ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ ሥራ አጡ። ገጹ ያው እየሠራ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ኢሜይላቸውን ለመስጠት የፈቀዱ ገዢዎቼን ዝርዝር በየወሩ አወርዳለሁ። ነገ ቢዘጋ ሙዚቃው ኮምፒውተሬ ላይ አለ፣ ሰዎቹን ግን ከየት አገኛቸዋለሁ?

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። የኔ ገንዘብ የሚመጣው በፔይፓል ነው፣ በፔይፓል ገንዘብ መቀበል የማይቻልባቸው አገራት ደግሞ አሉ። እዚያ ያለ ሰው ወይ ውጭ ያለ ጓደኛ አካውንት ይለምናል፣ ወይ ሌብል ይፈልጋል። ሌብል ከሆነ ድርሻችሁ ስንት ከመቶ እንደሆነና በየስንት ጊዜው እንደሚላክላችሁ ማስተሩን (ያለቀለትን የሙዚቃ ፋይል) ከመላካችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ አንዴ በቃል ተስማምቼ የመጀመሪያውን ክፍያ ለማግኘት ዓመት ከምናምን ጠብቄያለሁ።