አንድ ላፕቶፕ፣ አራት ቲቪ፦ ባለ 4 መውጫ ኤችዲኤምአይ ስፕሊተር ሲፈተሽ

በስልጠና አዳራሽ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በስብሰባ ክፍል የአንድ ላፕቶፕን ምስል በአራት ቲቪ ማሳየት ለፈለገ፣ የራሱ አዳፕተር ያለው ባለ 4 መውጫ ኤችዲኤምአይ ስፕሊተር ገንዘቡ የማያስቆጭ ዕቃ ነው። ቲቪዎቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሰክቶ መተው ነው። ጣጣው የሚመጣው አዲስና አሮጌ ስክሪን ሲቀላቀል ነው።

ሲገዙ መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ "1 መግቢያ፣ 4 መውጫ" መሆኑን ይዩ። መልኩ የሚመሳሰለው ስዊች ሥራው ተቃራኒ ነው፤ ብዙ መሣሪያ ተቀብሎ አንድ ቲቪ ላይ ያቀያይራል። ሁለት ራስ ያለው ተራ ኬብልም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ምልክቱን የሚያባዛና የሚያጠናክር ነገር ውስጡ የለም። ኤችዲኤምአይ 1.4 የሚለው ፎርኬን (4K የሚባለውን እጅግ ጥርት ያለ ምስል) በ30 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 30 ጊዜ እያደሰ ያወጣል፣ 2.0 ደግሞ በ60። ለፓወርፖይንትና ለመዝሙር ግጥም 1.4ቱ ከበቂ በላይ ነው።

ሁሉንም አጥፍቶ መግጠም ይሻላል። ከላፕቶፑ እስከ ስፕሊተሩ ከ2 ሜትር ያልበለጠ ኬብል ያድርጉ። መጀመሪያ ቲቪዎቹን አብርተው የተሰካበትን ኤችዲኤምአይ ይምረጡ፤ ቀጥሎ ስፕሊተሩን፣ መጨረሻ ላፕቶፑን ያብሩ። ዊንዶውስ አራት ሳይሆን አንድ ተጨማሪ ስክሪን ብቻ ያሳያል፤ ብልሽት አይደለም። የዊንዶውስ ቁልፍንና የP ፊደልን አብረው ሲጫኑ ከሚመጣው ዝርዝር "ዱፕሊኬት"ን ከመረጡ 1366 በ768 የሆነ ላፕቶፕ ቲቪዎቹንም ወደ ራሱ ጥራት ሊያወርዳቸው ይችላል፤ ጽሑፉ የሚደበዝዘው በዚህ ነው። "ሰከንድ ስክሪን ኦንሊ" ሲመረጥ ጽሑፉ ጥርት ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። እያንዳንዱ ስክሪን የሚችለውን ጥራትና ድምፅ ለኮምፒውተሩ የሚናገርበት ኢዲአይዲ የሚባል እንደ መታወቂያ ያለ መረጃ አለው። ስፕሊተሩ ግን ለአራቱም የሚልከው አንድ ዓይነት ምስል ስለሆነ ከአራቱ መታወቂያ አንዱን ይዞ ይቀርባል። አንዳንዱ መውጫ 1 ላይ ያለውን ይገለብጣል፤ አንዳንዱ ሁሉም የሚችሉትን ዝቅተኛ ይመርጣል። መውጫ 1ን በሚገለብጠው ስፕሊተር መውጫ 1 ላይ ፎርኬ ቲቪ፣ መውጫ 3 ላይ አሮጌ ቲቪ ካለ፣ አሮጌው ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ያኔ ኬብል መቀየር ይጀምራል። መፍትሔው ደካማውን ስክሪን መውጫ 1 ላይ ማዞር፣ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ 1920 በ1080፣ 60 ኸርዝ ብሎ ማሰር ነው። ጎኑ ላይ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ስፕሊተር ይህን ራሱ ላይ ያስመርጣል፤ ትንሽ ቢወደድም እሱን ይግዙ። ድምፅም በዚሁ መንገድ ይጠፋል፦ መውጫ 1 ላይ ስፒከር የሌለው ሞኒተር ካለ ላፕቶፑ ድምፅ ላለመላክ ሊወስን ይችላል።

ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ነጠብጣብ ካሳየ ብዙውን ጊዜ ኬብሉ ረዝሟል። ጥሩ የመዳብ ኬብል 1080ን 10 ሜትር ያህል ያደርሳል፤ ፎርኬ በ60 ኸርዝ ግን ከ5 ሜትር በላይ አያስተማምንም። ከዚያ በላይ የፋይበር ኤችዲኤምአይ ያስፈልጋል፤ እሱ አቅጣጫ አለው፣ "ሶርስ" የተጻፈበት ጫፍ ስፕሊተሩ ላይ ነው የሚሰካው። የክፍያ ፊልም ሲከፈት ብቻ ሁሉም ከጠቆሩ ደግሞ ከአራቱ አንዱ፣ ብዙውን ጊዜ በቪጂኤ (የድሮ የምስል መሰኪያ) መቀየሪያ የገባ አሮጌ ፕሮጀክተር፣ ኤችዲሲፒ የተባለውን የቅጂ ጥበቃ አይቀበልም፤ እሱን ይንቀሉ።

በየቲቪው የተለያየ ነገር ለማሳየት ለሚያስብ ይህ ዕቃ አይሆንም፤ ብዙ መውጫ ያለው ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል።

አዳፕተሩ ብዙ ጊዜ 5 ቮልት ነው፤ መሰኪያው ስለገጠመ ብቻ የ12 ቮልት የራውተር አዳፕተር መሰካት ስፕሊተሩን ያቃጥለዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉም በአንዴ ስለሚነሱ መታወቂያው ሳይነበብ ምስል ሊቀር ይችላል። የስፕሊተሩን አዳፕተር 10 ሰከንድ ነቅሎ መመለስ አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል፤ ስለዚህ ጣሪያ ሥር አይቅበሩት፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን።