ኪንድል ፔፐርዋይት፦ ለእሁድ ንባብ ይመቻል፣ ለአማርኛ ግን መጀመሪያ ሥራ አለው

ሳምንቱን በሥራና በታክሲ ሰልፍ የተንገላታ ሰው እሁድ ዕለት ምናባዊ ልብ ወለድ ከፍቶ ለጥቂት ሰዓት ከዚህ ዓለም መሰወር ቢያምረው አይፈረድበትም። በስልክ ሲሞክረው ግን ዘንዶው ገና ክንፉን ሳይዘረጋ የቴሌግራም መልእክት ከላይ ብቅ ይልና የተያዘው ስሜት ይበተናል። የአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ የሆነው የኪንድል ፔፐርዋይት ትልቁ ሙያ ከማስነበብ ሌላ እምብዛም ነገር አለማወቁ ነው።

በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞዴል ስክሪኑ 7 ኢንች፣ ጥራቱ በኢንች 300 ነጥብ፣ ማከማቻው 16 ጊጋባይት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 159.99 ዶላር ነበር። ይህ ግን ሲቆለፍ ማስታወቂያ የሚያሳየው ዓይነት ዋጋ ነው፤ ያለ ማስታወቂያ የፈለገ 20 ዶላር ይጨምር ነበር። የራሱ ብርሃን ስላለው መብራት በጠፋበት ምሽትም ይነበባል፤ የብርሃኑን ቀለም ወደ ቢጫ ማዘንበል ደግሞ ማታ ላይ ለዓይን ይቀላል። «እስከ 12 ሳምንት» የሚባለው ባትሪ የተሰላው በቀን ግማሽ ሰዓት ለሚያነብ፣ ዋይፋይ ለሚያጠፋና ብርሃኑን መካከለኛ ለሚያደርግ ነው። ሲባዛ 42 ሰዓት ገደማ ይመጣል፤ እሁድ እሁድ ስድስት ሰዓት ለሚያነብ ሰባት እሁድ ማለት ነው። መጥፎ አይደለም፣ ማስታወቂያው እንደሚያስመስለውም አይደለም።

አሁን ወደ አማርኛው። መሣሪያው ለግዕዝ ፊደል ታስቦ ስላልተሠራ ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። መፍትሔው የራስን ፎንት መጫን ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነፃ ይወርዳሉ። ኪንድሉ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ይያያዝና የፎንቱ ፋይል «ፎንትስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ይቀዳል። ከዚያ መጽሐፉን ከፍቶ ከፊደል ማስተካከያው ፎንቱን መምረጥ ነው። ኮምፒውተሩ ኪንድሉን አላየውም ካለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው፤ ርካሽ ኬብሎች ብዙዎቹ ቻርጅ ያደርጋሉ እንጂ ፋይል አያሳልፉም። ማክ ላይ ደግሞ የ2024ቱ ሞዴል ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር አይከፈትም።

ፎንቱ ከገባ በኋላ ሁለት ነገር ይቀራል። የፊደሉ መጠን ለእንግሊዝኛ ከሚመቸው አንድ ሁለት ደረጃ ከፍ ይበል፤ አለዚያ «ሉ» እና «ሊ»ን የሚለየው ቅጥያ ዓይን ያደክማል። መስመሩም ግራና ቀኝ እኩል እንዲሆን አይደረግ። የአማርኛ ቃል ረዥም ስለሆነና መሣሪያውም ቆርጦ ወደ ቀጣዩ መስመር ስለማያሻግረው በቃላት መካከል ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። ወደ ግራ ብቻ ሲሰለፍ ንባቡ ይፈሳል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ኢፐብ ለሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ነው፤ እሱንም በአማዞን «ሴንድ ቱ ኪንድል» ገጽ በኩል ወደ መሣሪያው መላክ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ ፎንትም መጠንም አይነካውም። በ7 ኢንች ላይ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል፤ አግድም አዙሮ ገጹን በግማሽ በግማሽ ማንበብ ይቻላል፣ ግን ያ ዕረፍት አይባልም። የአማርኛ ንባቡ በሙሉ በእንዲህ ዓይነት ፒዲኤፍ ላይ የተመሠረተ ሰው ይህን መሣሪያ ባይገዛው ይሻለዋል፤ ወይ ትልቅ ታብሌት፣ ወይ ወረቀቱ።

በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቅጂ መብታቸው ያለፈ የቆዩ ተረቶችና ምናባዊ ታሪኮች ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ ኢፐቡን አውርዶ በዚያው «ሴንድ ቱ ኪንድል» ገጽ በኩል መላክ ነው። ከበድ ያለ ቃል ሲያጋጥም ጣትን ቃሉ ላይ ማቆየት መዝገበ ቃላቱን ይከፍታል፣ ደራሲው የፈጠራቸውን ስሞች ግን አያውቃቸውም። ደካማ ጎኑ ካርታ ነው። ካርታ ይዞ የሚታተም ምናባዊ ልብ ወለድ ብዙ ነው፤ እዚህ ግን ቀለሙ ወደ ግራጫ ይለወጣል፣ የወንዞቹም ስም ይደበዝዛል። የካርታውን ገጽ የላይኛውን ቀኝ ጥግ ነክቶ ምልክት ማድረግ ይበጃል፤ ጀግናው መንገድ በቀየረ ቁጥር ከመጀመሪያው ከመፈለግ ያድናል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሻጩ አካውንት ከመሣሪያው መውጣቱን፣ በራሱ አካውንትም መግባት መቻሉን እዚያው ዋይፋይ አገናኝቶ ያረጋግጥ። ተሰርቋል ተብሎ ለአማዞን የተነገረበት ኪንድል በማንም አካውንት አይመዘገብም።