ጅማ ላሉት የቮልስ ሐኪም፣ ለሐጂ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። በቮልስ ወደ ጅማ ለምትወርዱ ደግሞ ጥቆማ ይሁናችሁ።

እኛ ስድስት ቮልሶች ነን። ክለብ እንባል እንጂ ሊቀመንበርም ማኅተምም የለንም። ያለን አንድ የቴሌግራም ግሩፕና ብዙ ቁልፍ ነው። ዘንድሮ ገና ረቡዕ ዋለ። ሐሙስና ዓርብን ፈቃድ ሞልተን፣ ፖርቶ መጋላው ላይ የጥድ ቅርንጫፍ አስረን፣ የገና መብራት ጠምጥመን ከአዲስ አበባ ወጣን። ሐሙስን ጅማ አድረን፣ ከዚያ በቦንጋ መንገድ በለጤ ጫካ ዳር ድንኳን ልንተክል ነው።

350 ኪሎ ሜትር ገደማውን መንገድ የእኔዋ ሳታስል ጨረሰችው። የጊቤን ቁልቁለት ወርዳ፣ ያን ዳገት ወጥታ፣ ሰኮሩንና አሰንዳቦን አልፋ ጅማ ገባች። ጉራዬን ነፋሁ። ዓርብ ጠዋት በቦንጋ መንገድ ሰቃ ከተማን እንዳለፍን ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ መብራት ቦግ አለች።

ቮልስ ለማያውቅ ሰው ቀይዋ መብራት የባትሪ ጉዳይ ትመስለዋለች። «ባትሪ ነው፣ እንደርሳለን» ብሎ ይነዳል። እንዳታደርጉት! ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ ውሃ አትጠጣም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ባትሪ ከሚሞላው ዲናሞ ጋር አንድ ዘንግ ላይ ነው፣ ሁለቱንም የምታዞረው አንዲት ቺንጋ፣ የጎማ ቀበቶ፣ ናት። ቺንጋዋ ከተበጠሰች ሞተሩ ነፋስ አጣ ማለት ነው። ወዲያው ዳር ይዛችሁ አጥፉ።

አጠፋሁ። ከኋላ ከፍቼ ሳይ ቺንጋዋ እንደ ተበላ ሸንኮራ ተተልትላለች። ከሳምንት በፊት የተቀየረች አዲስ ቺንጋ ናት። የቀየረልኝን የአዲስ አበባ ጋራዥ ስሙን ልተወው።

መለዋወጫ ይዘናል። ብናስገባት ግን ሃያ ደቂቃ ሳንሄድ እሷም መላጥ ጀመረች። ያኔ ነው ያደርንበት ሆቴል ጥበቃ ጋ የደወልነው። «ቮልስ ከሆነማ ሐጂ ናቸው» ብሎ ቁጥር ሰጠን። ሐጂ ስልኩን ያነሱት በሦስተኛው ጥሪ ነው። «ሞተሩን እንዳታስነሱ። ጁምዓ ሰግጄ እመጣለሁ» ብለው ዘጉ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሞተር ሳይክል መጣ። የሚነዳው አንድ ልጅ እግር ነው። ከኋላው ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ስልሳውን ያለፉ ሰው የዕቃ ሳጥን ጭናቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጡን፣ ስለ መንገዱ ጠየቁን፣ ቺንጋዋን ግን ዞር ብለውም አላዩአት። ጣታቸውን ቺንጋዋ በምትዞርበት የዲናሞው ፑሊ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርገው አዞሩት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ና፣ አንተም ዳስሰው» አሉኝ። ዳሰስኩት። ጠርዙ ተሸርፏል፣ እንደ መጋዝ ይቧጥጣል። «ይሄ በቁልፍ አልተፈታም፣ በመዶሻ ነው። ቺንጋ ብትቀያይር ብትውል ይበላዋል።»

የፑሊውን ነት በ21 ቁልፍ ፈቱት። ፑሊው አብሮ እንዳይዞር ጠርዙ ላይ ባለችው ቅርጽ ካቻቢቴ ሽጠው ነው የያዙት፣ መዶሻ አልነኩም። ሌላም ጉድ ወጣ። በሁለቱ የፑሊ ግማሾች መሃል ስስ ራንደላዎች አሉ። አንዷን ከመሃል ብታወጡ ቺንጋው ይጠብቃል፣ ብትጨምሩ ይላላል። ከመሃል የወጣችው አትጣልም፣ ከውጭ በኩል ነቱ ሥር ትቀመጣለች። የእኔ ጋራዥ አውጥቶ ጥሏቸዋል። ቺንጋዋ እንደ ክራር ጅማት ተወጥራ ነበር የከረመችው። ሐጂ እንደሚሉት ትንሽ ብቆይ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይዛው ትሄድ ነበር።

ፑሊ የት ይገኛል? ሐጂ ትንሽ አሰቡ። «አንድ አለች» ብለው ሞተሯ ላይ ወጡ። ያን ሁሉ መንገድ ወደ ጅማ ተመለሱና አመሻሽ ላይ ይዘውት መጡ። ገጠሙት፣ የቺንጋዋን መሃል በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ገባ። «እንዲህ ነው» አሉ። አለቀ።

መሽቶ ስለነበር «በሞተር አትሄዱም» ብለን ያዝናቸው። ከእኛ ጋር በለጤ ገቡ። ቀኑ ዓርብ መሆኑ ጠቀመን። ለእኛ የጾም ቀን ነው፣ ስለዚህ የማን ሥጋ፣ ማን ያረደው የሚል ነገር አልተነሳም። ሽሮው ሁላችንንም ከአንድ ትሪ አበላን። መስኩን የፈቀዱልን እናት ደግሞ ገና ከማድረቂያ አልጋ ላይ የወረደ ቡናቸውን ቆልተው አጠጡን። እሳቸውም ይመስገኑ።

ብርዱን ግን ማንም አልነገረን። ጅማ ሞቃት ነው ብለን ስስ ብርድ ልብስ ይዘን የሄድን ጅሎች ነን፣ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ያንዘፈዝፋል። ሊነጋ ሲል ደግሞ ከጫካው የሆነ ጉርምርምታ ተነሳ። ተኝቼ አይሱዙ የሚነሳ መስሎኛል። ለካ ጉሬዛዎች ናቸው።

ስወጣ ሐጂ ሰግደው ጨርሰው ሞተሬ ሥር ተጋድመዋል። ማታ «ቫልቩንም ይዩልኝ» ብያቸው «ትኩስ ሞተር ላይ ቫልቭ አይነካም» ብለው እምቢ ብለውኝ ነበር። በዚያ ውርጭ እጃቸውን በትንፋሻቸው እያሞቁ፣ ስሷን መለኪያ እያስገቡ እያወጡ የቫልቩን ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካከሉት። የሌሎቹንም አምስት ፈተሹ። ሁለቱ ጠብቀው ተገኙ። ባለቤቶቹ «ኧረ ምንም ድምፅ የላትም» ሲሉ ሐጂ ሳቁ። «ሲላላ ይጮኻል። ሲጠብቅ ነው ዝም የሚለው። እናንተ ዝም የሚለውን ፍሩ።»

የተቀበሉን ገንዘብ አዲስ አበባ ለአንድ መኪና ከምንከፍለው ያንሳል። ጉርሻ ጨምረን ብንሰጥ ለልጁ አሳለፉት።

ቅዳሜ ፍየል ታረደ፣ ገና ተመታ፣ ሩሯ የአንዷን ቮልስ ፓራፋንጎ መታች፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለን ባለቤቷን አፉን አስያዝነው። የገና መብራቱም የአንዷን ቮልስ ባትሪ ጨረሰ። እሁድ ገፍተን አስነሳናት።

አሁን ጥቆማው። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳላወጣ ለምነውኛል፣ «ሶላት ላይ ይጮህብኛል» ይላሉ። ሂርማታ አካባቢ ማንኛውንም ባጃጅ «የቮልስ ሐኪም ጋ» በሉት። ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ። ስልክ ቶሎ አያነሱም፣ አይቸኩሉም፣ ስህተታችሁን ደጋግመው ያስረዷችኋል። ኮምፒውተር ያለው መኪና ይዛችሁ ብትሄዱ ከበር ይመልሷችኋል።

እሁድ ስንመለስ ልንሰናበታቸው ጎራ አልን። ግቢያቸው ውስጥ ሰማያዊ ቮልስ ቆማለች፣ ስታምር! ከኋላ ክፍት ናት። ጠጋ ብዬ ሳይ ዲናሞዋ ላይ ፑሊ የለም። ሐጂ ዞር እስኪሉ ጠብቆ ልጁ በጆሮዬ ነገረኝ። ዓርብ ያመጡልኝን ፑሊ ከራሳቸው መኪና ነው የፈቱት።

እና 1300 ሞተር ላይ የሚገባ የዲናሞ ፑሊ፣ ከነራንደላዎቹ፣ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ያገለገለም ቢሆን ችግር የለውም፣ ጠርዙ ያልተሸረፈ ይሁን እንጂ። ጅማ የማደርሰው እኔ ነኝ።