ጋላክሲ ኤ15 ከቶክባክ ጋር፦ ስክሪኑን ሳላይ ከዓመት በላይ የተጠቀምኩበት ስልክ

ዓይነ ስውር ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ15 ካሜራና ስለ ስክሪኑ ቀለም ሌሎች ብዙ ብለዋል፤ እኔ የምጽፈው ስልኩን በጣትና በጆሮ ብቻ ከዓመት በላይ ስጠቀምበት ስላየሁት ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ስልኩ ደህና ነው፤ ቶክባክ የሚባለው ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም፣ ደግሞ ከደህናም በላይ ነው። የሚያስቸግረኝ ነገር አብዛኛው ከስልኩ ውጭ ያለ ነው። አፕ በሚሠሩ፣ ማስታወቂያ በሚለጥፉ፣ ደብዳቤ በሚልኩ ሰዎች እጅ ያለ ነው፤ እነሱ ትንሽ ቢያስቡበት የሚስተካከል ነው። አዲስ ስልክ ሊገዛ ያሰበ ዓይነ ስውር እንዲጠቀምበት ብዬ ነው የጻፍኩት፤ አፕ የሚሠራ ሰው ቢያነበውም ደስ ይለኛል።

ለማያውቅ ሰው፣ ቶክባክ ጉግል ለአንድሮይድ የሠራው ስክሪን ሪደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከአንድሮይድ 1.6 ጋር ወጣ፤ የአይፎኑ ቮይስኦቨርም የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ከስልኩ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ገንዘብ አይከፈልበትም። ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ያበራዋል። ከዚያ በኋላ የስልኩ ጠባይ ይቀየራል። አንዴ ስነካው አይከፍትም፤ የነካሁት ነገር ምን እንደሆነ ይነግረኛል። ልክፈተው ካልኩ ስክሪኑን የትም ቦታ ሁለቴ መታ መታ አደርጋለሁ። ጣቴን ወደ ቀኝ ጠረግ ሳደርግ ወደሚቀጥለው፣ ወደ ግራ ሳደርግ ወደ ቀደመው ይሄዳል። በሦስት ጣት አንዴ መታ ሳደርግ የቶክባክ ሜኑ ይከፈታል፤ ሲደወልልኝ በሁለት ጣት ሁለቴ መታ አድርጌ አነሳለሁ፣ ስጨርስም እንዲሁ እዘጋለሁ። ይህ በብዙ ጣት የሚሠራው አሠራር እ.ኤ.አ. በ2021 ከቶክባክ 9.1 ጋር የመጣ ነው። ከዚያ በፊት ጣትን ወደ ላይ ወስዶ ወደ ጎን ማጠፍ፣ ወደ ታች ወስዶ ማጠፍ የሚባል ነገር ነበር፤ ያንን የሚያስታውስ ሰው ምን ያህል እንደቀለለ ይገባዋል። ቁልፍ ባለው ኖኪያ ላይ ቶክስ የሚባለውን ስክሪን ሪደር ይጠቀም የነበረ ሰው ግን በመጀመሪያው ሰሞን ልሙጡ መስታወት ግራ ያጋባዋል። ታገሡት፤ እጅ ይለምደዋል።

ኤ15ን የመረጥኩባቸው ምክንያቶች የሚያይ ሰው ከሚያስባቸው የተለዩ ናቸው። የጣት አሻራ መቀበያው ጎኑ ላይ፣ ማብሪያው ቁልፍ ላይ ነው፤ በዳሰሳ ይገኛል። ስክሪኑ ሥር የተቀበረ አሻራ መቀበያ ቢሆን ኖሮ ቦታውን እየፈለግኩ በተንከራተትኩ ነበር። የኢርፎን ቀዳዳ አለው፤ የገመድ ኢርፎን ደግሞ ቻርጅ አያልቅበትም፣ ድምፁም ሳይዘገይ ይደርሳል። ብሉቱዝ ላይ የምትዘገየው ቅንጣት ጊዜ ለሙዚቃ ምንም አይደለችም፤ እያንዳንዱን የጣት እርምጃ በድምፅ ለሚከታተል ሰው ግን ታታክታለች። ባትሪው 5000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ ከቶክባክ ሜኑ ውስጥ ስክሪኑን የሚያጨልመውን አማራጭ ሁልጊዜ እንደበራ ስለምተወው፣ ጠዋት የሞላሁት ማታ ደብተር አርሜ ስተኛም ይተርፋል። ጨለማው ሌላም ጥቅም አለው፦ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው መልእክቴን አያነብም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ድምፁ እንምጣ። ስልኩ ላይ ያገኘሁት የእንግሊዝኛ ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ የግዕዝ ፊደል ሲያጋጥመው ግን ዝም ይላል። ከቤተሰብ የሚመጣው መልእክት ሁሉ አማርኛ ለሆነበት ሰው ይህ ዝምታ ስልኩን ግማሽ ያደርገዋል። መፍትሔው ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፤ ጆናታን ደዲንግተን የጀመሩት፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በኤንጂ ስም በፈቃደኞች የሚቀጥል ሥራ ነው። ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው ድምፁን እንደሰማ ያውቀዋል። ከፕሌይ ስቶር አውርዳችሁ፣ ሴቲንግ ውስጥ ጄኔራል ማኔጅመንት፣ ቀጥሎ ቴክስት ቱ ስፒች ገብታችሁ ኢስፒክን ትመርጣላችሁ። አማርኛም እንግሊዝኛም አንድ ፕሮግራም ውስጥ ስላሉ፣ አማርኛ ዓረፍተ ነገር መሀል የገባችን የእንግሊዝኛ ቃል በእንግሊዝኛ አንብቦ ይመለሳል። የእኛ ሰው አጻጻፍ ደግሞ ያው እንደምታውቁት ድብልቅ ነው።

ድምፁ የማሽን ድምፅ ነው፤ ይህን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። ከተቀዳ የሰው ድምፅ የተቀጣጠለ አይደለም፤ ድምፁን ራሱ አስልቶ ነው የሚፈጥረው። ለዚህም ነው ትንሽ ቦታ የሚይዘው፣ ኢንተርኔት የማይጠይቀው፣ በጣም ሲፈጥንም ቃሉ የማይደበዝዘው። እኔ ካለሁበት ፍጥነት ላይ ሆኖ ሲናገር አጠገቤ ያሉ መምህራን አንድ ቃል አይለዩም። የድምፁን ለዛ ጆሮ ይለምደዋል፤ አንድ ነገር ግን ጆሮ ቢለምደውም አይቀረፍም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «አባትህ አለ» የሚል መልእክት ቢመጣ፣ የሚያይ ሰው ቤት ነው ያለው ወይስ የተናገረው ነገር አለ የሚለውን ከዐውዱ ተነስቶ ራሱ ይወስናል። እኔ ጋ ማሽኑ ወስኖ፣ አንዱን መርጦ ነው የሚደርሰኝ፤ ያውም ዐውዱን ሳያይ። ስለዚህ የሰማሁትን በውስጤ መልሼ እያጠበቅኩና እያላላሁ አስተካክለዋለሁ። ለአጭር መልእክት ይህ ቀላል ነው። ረጅም የታሪክ ጽሑፍ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳዳምጥ ግን ይደክመኛል።

ምሕጻረ ቃልም እንዲሁ ነው። የመንግሥት ደብዳቤ ት/ቤት፣ ክ/ከተማ፣ ጽ/ቤት፣ ወ/ሮ የሚል ጭረት የበዛበት ነው፤ ስክሪን ሪደሩ ከጭረቱ ላይ ይሰብረዋል። አንድ አንቀጽ ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ ሲሰበር የዓረፍተ ነገሩ ክር ይጠፋል። «ትምህርት ቤት» ብሎ መጻፍ የሚወስደው ጊዜ ስንት ነው?

ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ድምፅ አለ። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ ኤጅ ብራውዘር ላይ ጽሑፍ ያነባሉ፣ የሰው ድምፅ ይመስላሉ፣ ሲያነቡም እስትንፋስና ዜማ አላቸው። ረጅም ነገር ማንበብ ስፈልግ ላፕቶፔ ላይ መቅደስን እመርጣለሁ። ግን የሚሠሩት በኢንተርኔት ነው። ለስክሪን ሪደር ደግሞ ጣት ሲነካ ወዲያው፣ ኔትወርክ ቢጠፋም የሚመልስ ድምፅ ያስፈልጋል። ባለኝ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ የአማርኛ ድምፅ ሆኖ ያገኘሁት ኢስፒክን ብቻ ነው፤ ሠሪዎቹን ከልቤ አመሰግናለሁ። የአማርኛን መጥበቅና መላላት የሚያውቁ የቋንቋ ሰዎች እጃቸውን ቢያስገቡበት ደግሞ ምን ያህል ሊሻሻል እንደሚችል ሳስብ ያንገበግበኛል፤ ሥራው ለማንም ክፍት ነውና።

መጻፍን በተመለከተ፣ ኪቦርዱ ላይ ጣቴን እያንሸራተትኩ የምፈልገውን ፊደል ስሰማ ጣቴን አነሳለሁ፣ ይጻፋል። ችግሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሮ አንድ መሆናቸው ነው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ቦታቸውን ሸምድጄ ነው የምለያቸው። ለጓደኛ ስጽፍ አልጨነቅም፤ የተማሪ ስም ውጤት መያዣ ላይ ሲገባ ግን እንደ ክርስትና ወይም እንደ ልደት ወረቀቱ መሆን አለበት፣ እዚያ ላይ ፊደል በፊደል እየሄድኩ አረጋግጣለሁ። ለአጭር መልእክት በድምፅ መጻፍ ይቀናኛል። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ጸጥ ባለ ቦታ የምለውን በደንብ ይይዝልኛል።

ስለ ገንዘብ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ሕይወቴ በጣም የተቀየረው እዚህ ላይ ነውና። ድሮ የሞባይል ካርድ ስገዛ ፍቄ ቁጥሩን ለሌላ ሰው መስጠት ነበረብኝ። ባለሱቁ «ጋሼ፣ ላንብብልዎት?» ይለኛል፤ ቅን ልጅ ነው፤ ሆኖም በገዛ ገንዘቤ የገዛሁትን ካርድ ለመሙላት እንኳ የሌላ ሰው ዓይን እፈልግ ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ በኋላ ካርድ መፋቅ ቀረልኝ። *127# ደውዬ ምርጫዎቹን ቶክባክ ያነብልኛል፣ ቁጥር አስገባለሁ፣ አለቀ። የአጭር ቁጥር አገልግሎት ሥዕል የለበትም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለእኛ ይመቻል። የሚጣደፈው ሰዓቱ ነው፦ አንባቢው ዘጠኝ ምርጫ አንብቦ ሳይጨርስ መስመሩ ሊዘጋ ይችላል። ንባቡን ፈጠን አድርጉት፣ ምርጫዎቹንም በቃል ያዙ።

የባንኬ አፕ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ስከፍተው ጣቴን ጠረግ ባደረግኩ ቁጥር የምሰማው «አንሌብልድ፣ በተን»፤ እንደገና «አንሌብልድ፣ በተን» ነው። ቁልፉ ሥዕል አለው፣ ስም ግን አልተሰጠውም ማለት ነው። ለሚያየው ሰው ቀስት ነው፣ የብር ምልክት ነው፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው፤ አንዱ ገንዘብ የሚያስተላልፍ፣ አንዱ ከአፑ የሚያስወጣ። ቶክባክ ላይ ስም የለሽ ቁልፍን ራስን ችሎ መሰየም ይቻላል፤ ሜኑው ውስጥ «አድ ሌብል» የሚል አለ። አንዲት ባልደረባዬ የዕረፍት ሰዓቷን ሠውታ አጠገቤ ተቀምጣ «ይኼኛው ማስተላለፊያው ነው፣ ያኛው ያለፈው ዝርዝር ነው» እያለችኝ አንድ በአንድ ሰየምኳቸው። ደስ ብሎኝ ስጠቀምበት ሰነበትኩ። አፑ ሲታደስ ስሞቹ ጠፉ። የይለፍ ቁጥር ማስገቢያው ደግሞ ጨርሶ አይናገርም፤ የቁጥሮቹ ሰሌዳ እንደ ሥዕል የተሣለ ነው።

ለአፕ ሠሪዎች የምለው ይህን ነው። አንድሮይድ ላይ ለእያንዳንዱ ሥዕላዊ ቁልፍ መግለጫ የሚጻፍበት «ኮንተንት ዲስክሪፕሽን» የሚባል ቦታ አለ። አንድ መስመር ነው። ስክሪኑ ላይ አይታይም፣ ዲዛይን አያበላሽም። ያ መስመር ሲጻፍ እኔ የይለፍ ቁጥሬን ለሰው ሳልናገር ደመወዜን እቆጣጠራለሁ፤ ባዶ ሲቀር ቁጥሬን ለማምነው ሰው አሳልፌ መስጠት ግድ ይሆንብኛል። አሁን ያለሁት በሁለተኛው ላይ ነው፤ ቅር ይለኛል።

ቴሌግራም ራሱ ከቶክባክ ጋር ይግባባል፤ የሚለጠፍበት ነገር ነው የማይግባባው። የሥራ ማስታወቂያ በፎቶ፣ የስብሰባ ጥሪ በፎቶ፣ የፈተና ፕሮግራም በፎቶ። ቶክባክ «ፎቶ» ብሎ ያልፋል። ፎቶውን የሚለጥፍ ሰው ከሥር ሁለት መስመር ቢጽፍበት ይበቃኛል። ሰነዶችም አሉ፤ ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ወጥ መለያ ከሚሰጠው ሥርዓት፣ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተተየቡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እስከ ዛሬ ግን በአሮጌው ፎንት የተጻፈ የስብሰባ ቃለ ጉባኤና ሞጁል ይደርሰኛል። በዓይን ሲታይ አማርኛ ነው፤ ከሥሩ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ስለሆነ ግን አንባቢው ያንን ትርጉም የለሽ ኮተት ይዘረግፈዋል።

ካሜራው እኔንም ያገለግለኛል፤ ቢ ማይ አይስ በሚባለው የዴንማርክ አፕ የመድኃኒት ካርቶን ፎቶ አንስቼ ስሙንና የሚያበቃበትን ቀን በእንግሊዝኛ አስነብባለሁ። መንገድ ላይ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ይቀመጣል፣ በአንድ ጆሮዬ ብቻ ኢርፎን አደርጋለሁ፤ ሌላኛው ለመኪናና ለሰው ነው። ታክሲ ውስጥ ማፕ ከፍቼ ስንት እንደቀረኝ እሰማለሁ፤ «ወራጅ አለ» የምለው ረዳቱ እስኪነግረኝ ጠብቄ አይደለም።

ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ሱቅ ስትሄዱ ኢርፎናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ስለ ካሜራው ሲነግራችሁ አመስግኑትና ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች ተጭናችሁ ያዙ። ቶክባክ ሲነሳ ሴቲንግ ክፈቱ፣ ዝርዝሩን በፍጥነት ጠረግ ጠረግ አድርጉና ድምፁ ከጣታችሁ ኋላ ይቀር እንደሆነ አዳምጡ። ከቀረ ራሙ አይበቃውም፤ የእኔ 6 ጊጋባይት ነው፣ ከ4 በታች እንዳታስቡ። አሻራ መቀበያውን በዳሰሳ አግኙት፤ የኢርፎኑን ቀዳዳ ሞክሩት፣ አዲስ ከወጡት ስልኮች ብዙዎቹ የላቸውምና። ይህን ሁሉ ለማየት ጊዜ የማይሰጥ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ግቡ።