ባለ ሁለት መስታወት መስኮት ከአንድ ዊንተር በኋላ፦ ቢላችን ስንት ቀነሰ?

መስኮቶቹን ወድጃቸዋለሁ። ቢል ለመቀነስ ብላችሁ ግን አትግዙ።

ቤታችን ሚኒያፖሊስ ያለ የድሮ ቤት ነው። የቀድሞዎቹ መስኮቶች ነጠላ መስታወት ሆነው ከውጭ ስቶርም ዊንዶው (ብርድ ለመከላከል የሚደረብ ሌላ መስኮት) ነበራቸው። አዲሶቹ ባለ ሁለት መስታወት ናቸው፤ መሃሉ አርጎን ጋዝ ነው፣ መስታወቱም ሎው-ኢ (ሙቀት ወደ ቤት የሚመልስ ስስ ሽፋን) የተቀባ። ሻጩ «የጋዝ ቢላችሁ በግማሽ ይወርዳል» ብሎን ነበር። በግማሽ? ሙቀት እኮ በጣሪያም፣ በግድግዳም፣ በበርም ይወጣል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። አዲስ መስኮት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ዩ-ፋክተር የሚባል ቁጥር አለው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር የሚያመልጠው ሙቀት ያንሳል። የኛ 0.28 ነው። ነጠላ መስታወት ከነስቶርሙ 0.5 አካባቢ ይያዛል፤ ልዩነቱ 0.22። ይህን በመስኮቶቹ ስፋት (የኛ 150 ስኩዌር ፊት)፣ በከተማው የዓመት ሂቲንግ ዲግሪ ዴይ (የየቀኑ ብርድ ተደምሮ የሚገኝ ቁጥር፤ እዚህ 7,500 ገደማ)፣ ከዚያ በ24 አባዙት። 5.9 ሚሊዮን ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ገደማ ይመጣል። አንድ ቴርም፣ ማለትም የጋዝ ቢል የሚቆጠርበት መለኪያ፣ 100,000 ቢቲዩ ነው። ፈርነሳችሁ (የቤት ማሞቂያው) ከጋዙ ሙቀት 90 በመቶውን ለቤቱ የሚሰጥ ከሆነ 66 ቴርም ማለት ነው። ቴርሙን በአንድ ዶላር ብትይዙት፣ በዓመት 66 ዶላር! የከፈልነው ደግሞ ወደ 9,000 ዶላር ነው። ለልጅ ልጅም አይመለስ።

ስቶርም የሌለው ቤት ከ1.0 ገደማ ስለሚነሳ ቁጠባው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ያም ሆኖ ወጪውን ለመመለስ 40 ዓመት ያልፋል።

የራሳችሁን ቢል ስታዩ ዶላር ከዶላር አታወዳድሩ፤ የጋዙ ዋጋም ብርዱም በየዓመቱ ይለያያል። የወሩን ቴርም ለወሩ ዲግሪ ዴይ አካፍሉት። የኛ 10 በመቶ ገደማ ወረደ። ከስሌቱ ትንሽ የበለጠው የንፋሱ ቀዳዳ ስለተደፈነ ይመስለኛል።

እኔን ያስደሰተኝ ሌላ ነው። ድሮ ጃንዋሪ ላይ መስኮቱ ተዘግቶም መጋረጃው ይወዛወዝ ነበር። ሶፋውን አርቀን ነበር የምንኖረው። አሁን እናቴ እዚያው መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ቡናዋን ትጠጣለች። ጋቢዋን ግን አሁንም አታወልቅም።

የሚያናድደው እንፋሎቱ ነው። ቤቱ ስለጠበቀ፣ ሽንኩርት ሲቁላላ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና መስታወቱ ግርጌ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ብርዱ ሲጠና ጠርዙ ላይ በረዶ ይሠራል። የኩሽናውን ፋን ማብራት ግድ ሆኗል።

ልትገዙ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማታ ላይተር ለኩሳችሁ መስታወቱ ፊት ያዙት። አራት ነጸብራቅ ታያላችሁ፤ ሎው-ኢ ከሆነ የአንዱ ቀለም ከሌሎቹ ይለያል። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ቀሪውን ክፍያ ሳትሰጡ ጠይቁ።